ጆ ሂኒ እና ሻን ኖስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የአየርላንድ ባህላዊ ዘፋኙ ጆ ሂኒ እ.ኤ.አ. በ1919 በምዕራብ አየርላንድ፣ ኮኔማራ ውስጥ ካርና በሚባል የባሕር ዳር አካባቢ ተወለደ። ዘፈን የጀመረው እዚያው፣ አባቱ ሲዘፍን እየሰማ ነው። ስለ እሱና ስለ ስልቱ ግን ብዙ ስህተት ይወራል።

«የአየርላንድ ባህላዊ ዘፈን ያለ ጊታርና ጭብጨባ አይሆንም»
ይህን ያስለመዱት የመጠጥ ቤት ባንዶች ናቸው። የሂኒ ስልት ሻን ኖስ ይባላል፤ «የጥንቱ ወግ» እንደማለት ነው። አንድ ሰው ያለ መሣሪያ ይዘፍነዋል። ጊታር ሲገባበት የሚበላሸው ምቱ ግጥሙን እንጂ ቆጠራን ስለማይከተል ነው። ዘፋኙ አንዱን ቃል ይጎትታል፣ ቀጣዩን ያጣድፋል፤ ጊታሩ በምት ሲያስረው ቅላፄው ቦታ ያጣል።

«ዜማው በየግጥሙ ቤት (አንጓ) ያው ነው»
ከሁሉም በላይ ተማሪዎችን የሚያሳስታቸው ይሄ ነው። በመጀመሪያው ቤት በአንድ ኖታ የታለፈ ቃል በሁለተኛው ቤት በሦስት ወይም በአራት ተጎራባች ኖታዎች ሊሽከረከር ይችላል። ከተቀዳ ዘፈን አንድ ቤት ሸምድዶ ለሌሎቹ የሚገለብጥ ሰው ዘፈኑን ያደርቀዋል፤ በየቃሉ ላይ ቅላፄ የሚደረድር ደግሞ ግጥሙን ይቀብረዋል። የሚሻለው ግጥሙን እንደ ወሬ መናገር፣ ቀጥሎ ዜማውን ያለ ምንም ጌጥ መያዝ፣ ቅላፄን በመጨረሻ ማስገባት ነው።

«ስሜቱ እንዲሰማ ድምፅ ከፍ ማለት አለበት»
በፍጹም። ድምፁ በአንድ ልክ ይሄዳል፣ ፊትም አይለዋወጥም፤ ሐዘኑን የሚሸከመው ቅላፄው ነው። አንዳንዴ አድማጭ የዘፋኙን እጅ ይዞ ቀስ እያለ ያሽከረክራል። መጨረሻ ላይ ያሉት ጥቂት ቃላት ብዙ ጊዜ አይዘፈኑም፣ እንዲሁ ይነገራሉ። ሂኒ «የሦስቱ ማርያሞች ለቅሶ» የተባለውን የስቅለት ዜማ ሲያወርድ፣ ሙሾ ያደመጠ ጆሮ ቋንቋውን ሳይችልም ይገባዋል።

«በአይሪሽ (በአየርላንድ ነባር ቋንቋ) ብቻ ነው የዘፈነው»
በእንግሊዝኛም ዘፍኗል፤ ያንኑ ቅላፄ ይዞ።

«ዝናው አበልጽጎታል»
በስኮትላንድና በእንግሊዝ ጉልበት ሠራተኛ ነበር። በ1965 በአሜሪካ የኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ላይ የዘፈነው ሰው ኒውዮርክ ውስጥ የአፓርታማ በረኛ ሆኖ ኖሯል። የአሜሪካ መንግሥት ለባህል ባለሙያዎች የሚሰጠውን ብሔራዊ የክብር ሽልማት ያገኘው በ1982 ነው። ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ሳለ በ1984 አረፈ። የድምፅ ቅጂዎቹ እዚያው ተቀምጠዋል፤ አስከሬኑ ግን ካርና ገባ።