የባሌ ተራሮች የመስክ ጥናት፦ ከቀይ ቀበሮ እስከ ፍልፈል ጉድጓድ

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴ አምባ ላይ ሲወጣ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ያልፋል። ሜዳው ከጅባራና ከነፋስ በቀር ባዶ ይመስላል። መሬቱን ዝቅ ብሎ ያየ ግን አፈሩ በየቦታው ተገልብጦ ያገኘዋል። ቆፋሪው ግዙፉ ፍልፈል ነው፤ ከባሌ ተራሮች ውጭ በዓለም የትም አይገኝም።

ተመራማሪዎችን መጀመሪያ ወደ ባሌ የሳበው ግን እሱ ሳይሆን የደጋ አጋዘን ነበር። አጋዘኑ በሳይንስ ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ያን ያህል ለገዘፈ እንስሳ በጣም ዘግይቷል። በ1960ዎቹ የተፈጥሮ ተመራማሪው ሌስሊ ብራውን አጋዘኑን አጥንቶ ስፍራው እንዲጠበቅ መከረ፤ ብሔራዊ ፓርኩም በ1970 ተቋቋመ። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ2023 ነው።

ከ1988 ጀምሮ ተመራማሪዎቹ ክላውዲዮ ሲየሮ ዙቢሪና ዳዳ ጎቴሊ ቀይ ቀበሮን እግር በእግር ተከታተሉ። 689 የቀበሮ ዓይነ ምድር ለቅመው ሲመረምሩ ከምግቡ 96 በመቶ ያህሉ አይጥና ፍልፈል ሆኖ ተገኘ። በግ ጨራሽ ነው ለሚለው ክስ ከዚህ የበለጠ መልስ አይገኝም። ቀበሮዎቹ በመንጋ ይኖራሉ፤ ለአደን ግን ለየብቻ ይወጣሉ። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ በቅርቡ ያለውን ሣር እየነጨ ይመለሳል፤ ዓይኖቹ ከራሱ አናት ላይ ናቸው። ቀበሮው በደረቱ እየተሳበ ይጠጋና ይጠብቃል።

የአካባቢው ኦሮሞ ቀበሮውን «ጀደላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ ይለዋል፤ ልትወልድ የደረሰች ባዝራን ተከትሎ የእንግዴ ልጇን ስለሚበላ ነው። በ2024 የታተመ ጥናት ደግሞ ቀበሮዎቹ ረጅም አገዳ ላይ ከሚያብብ ቢጫና ቀይ አበባ ማር ሲልሱ መታየታቸውን ዘገበ። አፍንጫቸው በብናኝ ስለሚሸፈን ሳያውቁት አበባውን እያዳቀሉ ይሆናል።

የቀበሮዎቹ ትልቁ ጠላት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ2003 በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ሞቱ፤ በሽታው የመጣው ከእረኞች ውሾች ነበር። በዓለም የቀሩት ቀበሮዎች 500 አካባቢ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ውስጥ ነው። ከ2003ቱ ወረርሽኝ የተገኘው ትምህርት ሁሉንም ቀበሮዎች መክተብ እንደማያስፈልግ ነው፤ መንጋዎችን በሚያገናኙ መተላለፊያዎች ያሉትን መከተብ ወረርሽኙን ይገታል።

በተራራው ላይ የሚበቅለውን አስታ የተባለ ቁጥቋጦ የማቃጠሉ ጉዳይ ክርክር አለበት። እረኛው ለጋ ግጦሽ ፈልጎ ያቃጥለዋል፤ አስታው ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ቡቃያውም ለዓመታት በቀላሉ እሳት አይይዝም። ስለዚህ ጭስ ባየ ቁጥር «ደን ጠፋ» የሚል ሰው ቢታገሥ ይሻላል።

የተራራው ረግረግ የክረምቱን ዝናብ ይዞ በቀስታ ይለቃል። የወይብ ወንዝ ከዚህ ተነሥቶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል፤ በሶማሊያ ድንበር ባለችው ዶሎ ላይ ከገናሌና ከዳዋ ወንዞች ጋር ተገናኝቶ የጁባ ወንዝ ይሆናል። ሶማሊያ ውስጥ ያለ ገበሬ የሚያጠጣው ማሳ ከሳነቴ ጉም ጋር የተሳሰረ ነው።

በ2019 ደግሞ ፍንጫ ሃበራ በተባለ የዓለት መጠለያ የተደረገ ቁፋሮ ውጤት ወጣ። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በረዶ ግግር አቅራቢያ ኖረዋል። በምድጃዎቻቸው ዙሪያ በብዛት የተገኘው የተጠበሰ የፍልፈል አጥንት ነው።