ማልቲዝ ውሻ፦ ጠባዩና በድሬዳዋ ያለው አያያዝ

ማልቲዝ ረጅም ነጭ ጸጉር ያለው፣ ለጥበቃ ሳይሆን ለቤት ውስጥ ጓደኝነት የሚያዝ ትንሽ የውሻ ዝርያ ነው። የዓለም አቀፉ የውሻ ዝርያዎች ፌዴሬሽን (ኤፍ.ሲ.አይ.) በመስፈርት ቁጥር 65 ክብደቱን ከ3 እስከ 4 ኪሎ፣ የወንዱን ቁመት ከ21 እስከ 25፣ የሴቷን ከ20 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ወስኗል። ደህና ከተያዘ ከ12 እስከ 15 ዓመት ይኖራል።

የትውልድ ቦታው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ስሙን ከማልታ ደሴት ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ በዛሬዋ ክሮኤሺያ ከምትገኘው ከምልየት ደሴት ነው የሚሉም አሉ። አሪስቶትል የጠቀሰው ትንሹ የሜሊታ ውሻ የዚህ ዝርያ ቅድመ አያት ሳይሆን አይቀርም። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ እ.ኤ.አ. በ1888 መዝግቦታል።

ማልቲዝ ንቁ፣ ተጫዋችና ከሰው የማይለይ ነው። ከክፍል ክፍል ባለቤቱን ይከተላል፤ ብቻውን ሲውል ይጨነቃል፣ ይጮኻል፣ ያገኘውን ይቦጫጭቃል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሰው ለማይኖርበት ቤት አይሆንም። እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ ይናገራል እንጂ ሌባ አይመልስም። ሽንትና ዓይነ ምድሩን በቦታው እንዲያደርግ ማስለመድ ጊዜ ይወስዳል፤ ቁጣ ያስፈራዋል፣ ማሞገስ ግን ቶሎ ያርመዋል። አጥንቱ ቀጭን በመሆኑ ሕፃናት ቆመው እንዲያቅፉት መፍቀድ አይገባም።

በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ ከየአገሩ የመጣውን ሁሉ አቅፋ ያኖረችው ድሬዳዋ ለዚህ ውሻም አትከፋም፤ ብርድ የማይወድ ነውና ከደጋ ከተሞች ይልቅ እዚህ ይመቸዋል። ፈተናው ሙቀቱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው። ስለዚህ ሽርሽሩ ጎሕ ሲቀድ ወይም ከመግሪብ በኋላ፣ ከተቻለም በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ይሁን። የእጅን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ሰባት ሰከንድ ማሳረፍ ካቃተ የውሻው መዳፍም ይቃጠላል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ለአጭር ጊዜም ቢሆን አይተውም። ያለ ዕረፍት ካለከለከ፣ ድዱ ከቀላ፣ ምራቁ ከወፈረ ወይም ከተንገዳገደ ሙቀት መትቶታል ማለት ነው፤ ወዲያው ወደ ጥላ አግብቶ በቧንቧ ውኃ ማራስ፣ ማራገብና ወደ እንስሳት ሐኪም መሮጥ ያስፈልጋል።

ሙቀቱን ለማቅለል ብለው ጸጉሩን እስከ ቆዳው የሚላጩ አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ከነጩ ጸጉር ሥር ያለው ቆዳ ስስ ስለሆነ ፀሐይ ያቃጥለዋል። ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር አስቀርቶ መከርከም ይበቃል። ይህ ዝርያ የውስጥ ለስላሳ ጸጉር ስለሌለው ብዙም አይረግፍለትም፤ በየቀኑ ካልተበጠረ ግን ከጆሮው ኋላና ከብብቱ ይቋጠራል። የድሬ ውኃ ኖራ ስለሚበዛበት ሻምፖው በደንብ ካልታጠበለት ጸጉሩ ይሻክራል። የዓይኑ እንባ የሚተወው ቡናማ መስመር በየዕለቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

በቤታችን ትርፍ ወጥ ለውሻ ይሰጣል። ለዚህ ውሻ ግን ወጥ መርዝ ነው፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራሉ፣ በ3 ኪሎ ሰውነት ላይ ደግሞ ጥቂቱም ይበዛል። ዘቢብ፣ ቸኮሌትና የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም አይሰጡም። ጥሬ ጉበትና ሳንባ የኮሶ ትል ስለሚያመጡ ይቀቀሉ። የጫት ገራባ (ተቅሞ የተረፈው) ለፍየል ነው፤ መሬት ላይ የቀረ ቅጠል ግን የዚህን ትንሽ ውሻ ልብ ክፉኛ ሊያስመታው ስለሚችል ከበርጫ በኋላ ወለሉ ወዲያው ይጠረግ። ቡችላው ምግብ ካለፈው ስኳሩ ወርዶ ይንቀጠቀጣልና በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይመገብ። ሌሎቹ የታወቁ ችግሮቹ የጥርስ በሽታና የጉልበት ሎሚ መንሸራተት ናቸው።

በአካባቢው ሙስሊሞች በስፋት በሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ (የሃይማኖት ሕግ ፈለግ) የውሻ ምራቅ ነጃሳ (ርኩስ) ነው፤ የነካው ዕቃ ወይም ልብስ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። በጋራ ግቢ የሚኖር ባለውሻ ይህን አክብሮ ውሻውን ከጎረቤት በረንዳና ከመስገጃ ማራቅ አለበት። ሐረር የሚኖሩ ደግሞ ጅብ ማታ ከተማ እንደሚገባ ያውቃሉ፤ ማልቲዝን ሌሊት ውጭ ማሳደር አይታሰብም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስተኛው ወር ይጀመራል፣ በየዓመቱም ይደገማል። ከቤት አይወጣም ብሎ መተው አያዋጣም፤ ከጎዳና ውሻ ጋር መገናኘት በር ላይም ይሆናል። በሐረር መንገድ ላይ ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞችን ማሠልጠኑ ለአካባቢው ትልቅ ጸጋ ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል።