«ያለማወቅ መጋረጃ» ምንድን ነው?

ቅርጫ ሲከፋፈል ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የፋሲካ ጠዋት ነው። በሬው ታርዷል፣ ኮባው ተነጥፏል። ቢላ የያዘው ሰውዬ ከአንዱ መደብ አጥንት ያነሳል፣ ሌላው ላይ ትንሽ ጉበት ይጨምራል። ፈቀቅ ብሎ ያያል። አሁንም ልቡ አላረፈም። ከሻኛው ቆረስ ያደርግና ያነሰ የመሰለውን ይሞላል።

ለምን ይህን ያህል ይጨነቃል? ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ዋናው ምክንያት ግን ዕጣው ነው። ከፍሎ ሲጨርስ እያንዳንዱ ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ ስንጥር። የማን የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ ይጠራና በየመደቡ ላይ ጣል ጣል ያደርጋል። ከፋፋዩ የትኛው እንደሚደርሰው አያውቅም። ስለዚህ የትኛውም ቢደርሰው ቅር እንዳይለው አድርጎ ይከፍላል።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ ስለ ፍትሕ ያነሳው ሐሳብ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ እናስብ አለ፦ የምንኖርበትን ኅብረተሰብ መሠረታዊ ደንብ ለማውጣት ተሰብስበናል። ነገር ግን ሁላችንም ፊት መጋረጃ ወርዷል። ሀብታም እንሁን ድሃ አናውቅም። ሃይማኖታችንን፣ ጉልበታችንን፣ ተሰጥኦአችንን አናውቅም። በየትኛው ትውልድ እንደምንወለድ እንኳ አናውቅም። ስለ ዓለም ጠቅላላ እውቀት አለን፤ ስለ ራሳችን ግን ምንም። ያለማወቅ መጋረጃ የሚባለው ይህ ነው።

እኔን የሚገርመኝ፣ ሐሳቡ ሰው መልአክ እንዲሆን አይጠይቅም። ለራስህ አታስብ አይልም። ለራስህ አስብ፣ ግን የትኛው ሰው እንደሆንክ ሳታውቅ አስብ ነው የሚለው። ያኔ ራስ ወዳዱም ሳይወድ በግዱ የሁሉንም ቦታ ያስባል።

ታዲያ ከመጋረጃው ጀርባ ምን እንመርጣለን? ሮልስ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው መሠረታዊ ነፃነት ነው፦ የህሊና፣ የእምነት፣ የመናገር፣ የመምረጥ መብት ለሁሉም እኩል ይሁን። ይህ ይቀድማል፣ በገንዘብም አይለወጥም። «ኢኮኖሚው ያድጋልና የእነዚያን ሰዎች አፍ እንዝጋ» ቢባል መልሱ አይሆንም ነው። ለምን? መጋረጃው ሲነሳ አፉ የተዘጋው እኔ ልሆን እችላለኋ! ለብዙኃኑ ጥቅም ተብሎ እንኳ የማይነካ የግለሰብ መብት አለ የሚለው አቋሙ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ስለ ኑሮ ልዩነት ነው። እዚህ ላይ ከቅርጫው ይለያል። ቅርጫ ላይ መደቦቹ እኩል መሆን አለባቸው። ሮልስ ግን ልዩነት ሊኖር ይችላል ይላል፤ የሥራው ቦታ ለሁሉም በእውነተኛ እኩል ዕድል ክፍት ከሆነና ልዩነቱ ከሁሉም በታች ያለውን ሰው የሚጠቅም ከሆነ። ለሐኪም ከፍ ያለ ደመወዝ መክፈል ድሃው ደጅ ድረስ ሕክምና የሚያደርስ ከሆነ፣ ይከፈል።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ስለ ዕድል ያለው አመለካከት አለ። በተወለደበት ቤት ወይም ይዞት በመጣው ተሰጥኦ «ይገባኛል» ሊል የሚችል ሰው የለም ይላል። ሮልስ በ1921 ባልቲሞር ነው የተወለደው። በልጅነቱ ዲፍቴሪያ የሚባል ተላላፊ የጉሮሮ በሽታ ያዘው። ታናሽ ወንድሙ ከእሱ ተላልፎበት ሞተ። በዓመቱ ሳንባ ምች ያዘው፤ ሌላው ታናሹም እንዲሁ ከእሱ ተላልፎበት ሞተ። እሱ ሁለቱንም ጊዜ ተረፈ። ፍልስፍናውን የወለደው ይህ ነው አልልም። ግን «ለምን እነሱ፣ ለምን እኔ አይደለሁም?» የሚል ጥያቄ በዚያ ዕድሜ የገባበት ሰው ዕድልን እንደ ቀላል ነገር ሊያይ አይችልም።

ተቃውሞ አልቀረለትም። በሃርቫርድ አብሮት ያስተምር የነበረው ሮበርት ኖዚክ በ1974 ሞገተው። ሀብት እንደ መና ከሰማይ አይወርድም፣ ማን አፈራው የሚለው ሳይጠየቅ እንዴት ይከፋፈላል አለ። በቅርጫ ቋንቋ፣ በሬውን ማን ገዛው እንደ ማለት ነው። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ነገር ግን በሬው የጋጠበት መስክና የገዢው ብር ከየት እንደመጣም አብሮ መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል።

ለእኔ ይበልጥ የሚከብደው የፖለቲካ ፈላስፋዋ የሱዛን ሞለር ኦኪን ትችት ነው። በ1971ዱ የሮልስ መጽሐፍ ውስጥ መጋረጃው ከሚሸፍናቸው ነገሮች መካከል ጾታ አልተጠቀሰም። ደንብ አውጪዎቹም እንደ ቤተሰብ ኃላፊዎች ነበር የታሰቡት። ሥጋው ለስምንት ቤት እኩል ተከፋፈለ እንበል። እቤት ሲገባ ማን ይሠራዋል? መጀመሪያ ለማን ይቀርባል? ፍሪምባው ለማን፣ የድስቱ ቅሪት ለማን? ኦኪን በ1989 መጋረጃው ይነሳ አላለችም፤ እስከ ጓዳ ይዝለቅ ነው ያለችው። የቤት ሥራው፣ የልጅ ማሳደጉ፣ ከፍቺ በኋላ ማን ምን ይዞ እንደሚወጣ፣ ይህም ሁሉ ወንድ ይሁን ሴት ገና በማያውቅ ሰው ዓይን ይታይ አለች።