ኢሚግሬሽን ሥራ ቦታ ሲመጣ፦ በአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበር ምን ማድረግ ይችላል?

የሠራተኛ ማኅበር ለማንም ግሪን ካርድ አይሰጥም። ትእዛዝ ይዞ የመጣን የኢሚግሬሽን መኮንንም ከበር አይመልስም። ጉልበቱ ያለው አሠሪው ላይ ነው። ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሠራተኛ ሥራውን የሚያጣው መኮንን መጥቶ ሳይሆን፣ አንድ ደብዳቤ መጥቶ አለቃው ስለደነገጠ ነው። ማኅበር ጣልቃ መግባት የሚችለው እዚህ ላይ ነው፤ ከድንጋጤው በፊትና በድንጋጤው መሐል።

ለመደራጀት ወረቀት፣ ማለትም የመኖሪያ ወይም የሥራ ፈቃድ፣ አይጠየቅም። በ1935 (እዚህ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ የሚጠብቀው ሠራተኛን እንጂ ዜጋን ብቻ አይደለም። ይህ በፍርድ ቤት የተፈተነው ሹር-ታን በተባለው መዝገብ ነው። ቺካጎ ውስጥ የአንድ አነስተኛ የቆዳ ድርጅት ሠራተኞች ማኅበር መረጡ፤ አሠሪው ለኢሚግሬሽን ጠቆመባቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 ወረቀት የሌላቸውም በሕጉ ሠራተኞች ናቸው፣ ጥቆማውም በመደራጀታቸው የተወሰደ ሕገ ወጥ የበቀል እርምጃ ነው ብሎ ፈረደ። በ2002 ግን ያው ፍርድ ቤት ሆፍማን በተባለው መዝገብ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ጥበቃውን አሳሳው። ወረቀት የሌለው ሠራተኛ በመደራጀቱ ከተባረረ፣ ሳይሠራ ለቆየበት ጊዜ ደመወዝ ማስከፈል አይችልም ተባለ። የሠራበት ደመወዝ ግን ምንጊዜም የራሱ ነው። ይህን ልዩነት የማያውቁ ብዙ ሰዎች የለፉበትን ገንዘብ ትተው ይሄዳሉ፤ ያሳዝናል።

እውነቱን ለመናገር ማኅበራቱም ሁልጊዜ ከስደተኛው ጎን አልቆሙም። በ1986 የወጣው ሕግ ፈቃድ የሌለውን ሰው አውቆ መቅጠርን ሲከለክል፣ ትልቁ የማኅበራት ኅብረት ኤኤፍኤል-ሲአይኦ ደግፎት ነበር። ኅብረቱ አቋሙን የቀየረው በየካቲት 2000 ነው። በአሠሪዎች ላይ የተጣለው ቅጣት ዞሮ ሠራተኛውን ማስፈራሪያ ሆኗል ብሎ እንዲሰረዝ ጠየቀ፤ ወረቀት ለሌላቸውም ምሕረት ይደረግ አለ። ለለውጡ የገፉት በአብዛኛው በሆቴል፣ በጽዳትና በአልባሳት ሥራ ብዙ ስደተኛ አባላት ያሏቸው ማኅበራት ናቸው።

ዋናው መሣሪያ ማኅበሩና አሠሪው የሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ነው። የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞችን ያቀፈውን ዩናይት ሂርን የመሰሉ ማኅበራት ኢሚግሬሽንን የሚመለከቱ አንቀጾችን ለዓመታት ሲደራደሩበት ቆይተዋል። ጥሩ አንቀጽ ምን ይላል? መንግሥት ስለ ሠራተኞች ወረቀት ከጠየቀ አሠሪው ወዲያው ለማኅበሩ ያሳውቃል። ኢሚግሬሽን ቀጠሮ ያለው ሰው ከሥራ የመቅረት ፈቃድ ያገኛል። የሥራ ፈቃዱ ታድሶ እስኪመጣ የዘገየበት ሰው ከሥራ ቢወጣም፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካስተካከለ ከነአገልግሎት ዘመኑ ይመለሳል። ስሙን ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን ያስተካከለ ሰው በዚያ ብቻ አይቀጣም። ሕግ ካላስገደደ በቀር አሠሪው ኢ-ቬሪፋይ የተባለውን የመንግሥት የሥራ ፈቃድ ማጣሪያ ሥርዓት በገዛ ፈቃዱ አያስገባም። በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠው የመመለስ መብት ነው። የሥራ ፈቃድ እድሳት ወራት ሊፈጅ ይችላል። ለ15 ዓመት ሠርቶ እንደ አዲስ ከዝቅተኛው ደመወዝ መጀመርና ወደ ነበሩበት ቦታ መመለስ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጸጥ ያለው ቁጥጥር በወረቀት ነው የሚመጣው። እያንዳንዱ አሠሪ ለቀጠረው ሰው፣ ለመሥራት የተፈቀደለት መሆኑን የሚያረጋግጥበት አይ-9 የሚባል ቅጽ ይሞላል። መንግሥት ቅጾቹን ልመርምር ሲል ለአሠሪው ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ይሰጠዋል። በዚህች አጭር ጊዜ ማኅበሩ የማስታወቂያውን ቅጂ ይጠይቃል፣ በውጤቱ ላይ ድርድር ይጠይቃል፣ አሠሪው ተጨማሪ ቀን እንዲለምን ይገፋዋል። በካሊፎርኒያ ሕግ አሠሪው በ72 ሰዓት ውስጥ ለሠራተኞቹም ለማኅበሩም ማሳወቅ ግዴታው ነው። ብዙ አሠሪዎች ደንግጠው ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ይሄዳሉ። ይህን ማስቆም የማኅበሩ ተወካይ ሥራ ነው። የትኛውን ሰነድ እንደሚያቀርብ የሚመርጠው ሠራተኛው ነው፤ አሠሪው «ግሪን ካርድ ካላመጣህ» ማለት አይችልም። ግሪን ካርድ አሳይቶ የተቀጠረ ሰው የካርዱ ቀን ስላለፈ ብቻ እንደገና አይጣራም። ለመሥራት የተፈቀደለት ሰው እንዲህ ከተበደለ፣ በፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር ለስደተኛ ሠራተኞች መብት ለተቋቋመው ክፍል በ180 ቀን ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

ስምና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይገጥሙም የሚለው፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ለአሠሪው የሚላከው ደብዳቤም እንዲሁ ነው። ስም በሁለት ፊደል ሲለያይ፣ ወይም ከጋብቻ በኋላ ሲቀየር ይመጣል። በራሱ የማንም ወረቀት ሐሰት ነው ማለት አይደለም። በ2007 መንግሥት ይህን ደብዳቤ ማባረሪያ ሊያደርግ የሚችል ደንብ ሲያወጣ፣ ኤኤፍኤል-ሲአይኦና ሌሎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሰው አሳገዱት። ደንቡ በ2009 ተሰረዘ። እንዲሁም ማኔጀር ሠራተኛን ቅጣት ሊያመጣበት ለሚችል ጥያቄ ቢሮ ሲጠራው፣ የማኅበር አባሉ «ተወካዬ ይምጣልኝ» የማለት መብት አለው። ይህ መብት ከ1975 ጀምሮ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የጸና ነው።

መኮንኖች በር ላይ ሲደርሱ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይቀድማል፤ ወረቀቱን የፈረመው ማነው? የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ራሱ የፈረመው ትእዛዝና ዳኛ የፈረመው ትእዛዝ አንድ አይደሉም። ሰው ሁሉ በሚገባበት አዳራሽ ወይም የመኪና ማቆሚያ መኮንኖች መግባት ይችላሉ። ወደ ወጥ ቤት፣ ወደ መጋዘን፣ ወደ ማምረቻው ለመግባት ግን የዳኛ ፊርማ ወይም የአሠሪው ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ በሩን የሚከፍተው ይኸው ፈቃድ ነው። ስለዚህ ማኅበራት ተወካዮችን ብቻ ሳይሆን እንግዳ ተቀባዮችንና ጥበቃዎችንም ያሠለጥናሉ። ለሠራተኛው የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። አትሩጥ። አትዋሽ። ሐሰተኛ ወረቀት አታሳይ። ዝም የማለት መብት አለህ። ያልገባህን አትፈርም።

ተወካዩም ወሰን አለው። ማየት፣ መመዝገብና ጠበቃ መጥራት አንድ ነገር ነው፤ ሰው መደበቅ ወይም መንገድ መዝጋት ግን ወንጀል ሊሆን ይችላል። ቦታው ላይ መገኘትም ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ኤስኢአይዩ የተባለው የአገልግሎት ሠራተኞች ማኅበር የካሊፎርኒያ ፕሬዚዳንት ዴቪድ ዌርታ በሰኔ 6፣ 2025 ሎስ አንጀለስ በተካሄደ የኢሚግሬሽን አሰሳ ቦታ ላይ ተይዘው፣ ከቀናት በኋላ በ50,000 ዶላር ዋስትና ተፈተዋል።

ከተያዙ በኋላ ያለው ሥራ ረጅምና አድካሚ ነው። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መንግሥት ጠበቃ አያቆምም። ዋስትና ሁሉም አያገኝም፤ ያገኘውም በሕጉ ቢያንስ 1,500 ዶላር ያስይዛል። የሕንፃ ጽዳትና ጥበቃ ሠራተኞችን እንዳቀፈው 32ቢጄ ያሉ ማኅበራት በኅብረት ስምምነት ያስገኙት የሕግ አገልግሎት ፈንድ እዚህ ላይ ዋጋው ይታወቃል። ማኅበሩ የመጨረሻውን ደመወዝ ያስከፍላል፣ የአባሉን የሥራ ታሪክ ለዳኛ ይጽፋል፣ የተያዘው የት እንዳለ ይከታተላል። በሥራ ቦታ ከባድ ወንጀል ተፈጽሞበት ለምርመራው የተባበረ ሠራተኛ ደግሞ ዩ ቪዛ የሚባለውን መጠየቅ ይችል ይሆናል። ይህ ግን በዓመት ለ10,000 ተጎጂዎች ብቻ የሚሰጥ ስለሆነ ወረፋው ዓመታት ይፈጃል።

በነሐሴ 7፣ 2019 ሚሲሲፒ ውስጥ በዶሮ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች 680 ሠራተኞች በአንድ ቀን ተያዙ። ለአንዳንዶቹ ልጆች የትምህርት ዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ነበር፤ ወላጅ የሌለበት ቤት ነው የጠበቃቸው። ለዚህ ነው የተዘጋጁ ማኅበራት አባላቱን አስቀድመው «ልጅህን ከትምህርት ቤት የሚቀበልልህ ማነው? ስልኩስ?» ብለው የሚጠይቁት። መልሱ የሚቀመጠው በማኅበሩ እጅ እንጂ በአሠሪው ፋይል አይደለም። ወረቀት አለህ ወይስ የለህም የሚል ጥያቄ መልሱ በሚሞላበት ቅጽ ላይ አይገባም።