ከመሀል አዲስ አበባ ወደ ገጠር

የከተማን ሰው ወደ ገጠር ሄዶ እንዲኖርና እንዲሠራ መጥራት በኢትዮጵያ የቆየ ታሪክ አለው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በከተማ የሚኖረው 16 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ግን 2.7 ሚሊዮን ሰው ይዛ ነበርና ጥሪው ሲነሣ መጀመሪያ የሚታየው የእርሷ ወጣት ነው።

ትልቁ ጥሪ የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ነው። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የስድስት ኪሎውን ዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃን የመጨረሻ ክፍሎች ዘግቶ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን አዘመተ። ዘማቾቹ ፊደል አስቆጠሩ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሠሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ደግሞ የገበሬ ማኅበራትን አደራጁ። ብዙዎቹ በሰልፍ «መሬት ላራሹ» ሲሉ የኖሩ ናቸውና አዋጁን የገዛ ድላቸው አድርገው ተቀበሉት። ከባለርስቱና ከአካባቢው ሹም ጋር ተጋጩ፤ የተገደሉም አሉ። ለደርግ ዘመቻው የሚያስቸግሩትን ተማሪዎች ከመዲናዋ ማራቂያም ነበር። ጊዜው ሳያልቅ ጥለው የተመለሱት ብዙዎች ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው ከዚህ ይከፋል። ሥራ አጥ የተባሉ ሰዎች ከከተሞች እየታፈሱ ወደ ሁመራ እርሻዎች ተጫኑ። ከመካከላቸው ወደ ሱዳን ያመለጡ ነበሩ።

የሐኪሞች ምደባ ለዘብ ያለ መንገድ ነው። ተመራቂው ለዓመታት ክፍለ ሀገሩን በዕጣ ሲያወጣ ኖሯል፤ ቦታው በራቀ ቁጥር የግዴታ አገልግሎቱ ያጥርለት ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግዴታውን የጨረሰውን ሐኪም ግን በቂ ደመወዝ፣ መኖሪያ ቤትና ለልጁ ጥሩ ትምህርት ቤት ካላገኘ ምንም አያስቀረውም።

ማንም ሳያስገድደው የኖረው ትስስር ሌላ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠውም ይኸው ይመስለኛል። የመርካቶ የጉራጌ ነጋዴ ለመስቀል ሱቁን ዘግቶ አገሩ ይገባል፤ ብዙው እዚያም ቤት ይሠራል። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ገንዘብ አዋጥተው ወደ ትውልድ ቀያቸው መንገድ አስወጥተዋል። መንገዱ ሲገባ ጭነት መኪናው፣ ንግዱና ትምህርት ቤቱ ተከትለው ገቡ።

ዛሬ ከፒያሳ ወይም ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ገበሬ ልሁን የሚል ሰው የሚገጥመው ትልቁ እንቅፋት መሬት ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ በነፃ የማግኘት መብት ያለው አርሶ አደሩ ነው። በመካከለኛው ደጋ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሄክታር በታች ነውና የገበሬው ልጅ ራሱ መሬት አጥቶ ወደ ከተማ ይጎርፋል። ስለዚህ ከከተማ የሚሄደው ሰው ወይ ከገበሬ ላይ ይከራያል፣ ወይ ከወላጆቹ ጋር ያርሳል፣ ወይም ከእርሻ ውጭ ወፍጮ፣ ከብት ማድለብ፣ ንብ ማነብ፣ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫን ይሞክራል። በኋለኞቹ ሥራዎች መሬት ካነሰው ገበሬ ጋር አይሻማም።