«ሞኮህን ተወቀር፤ የሞትህ ባልንጀራ ይሁንህ»፦ የማኦሪዎች አባባልና ትርጓሜው

የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች «ታያ ኦ ሞኮ፣ ሄይ ሆአ ማቴንጋ ሞኡ» ይላሉ። ሞኮ በፊትና በገላ ላይ የሚሠራ ንቅሳታቸው ነው። «ሆአ» ጓደኛ፣ «ማቴ» ሞት ማለት ነው። «ታያ» የመጣው «ታ» ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ፍቺው መምታት ነው። ስለዚህ «ተነቀስ» ከሚለው ይልቅ «ተወቀር» ይስማማዋል፤ የእኛ አገር ንቅሳት በመርፌ ወይም በእሾህ ይወጋል፣ የጥንቱ ሞኮ ግን እንደ ወፍጮ ድንጋይ በመሮ ይወቀር ነበር።

የጥንቱ አሠራር እንዲህ ነበር፦ መሮው «ኡሂ» ይባላል። አልባትሮስ ከተባለው ትልቅ የባሕር ወፍ አጥንት ተቀርጾ እጀታ ላይ ይታሰራል፤ «ቶሁንጋ» የሚባለው ባለሙያም በትንሽ በትር ይመታዋል። ስለታሙ ኡሂ ቆዳውን ይሰነጥቃል፤ ባለ ጥርሱ ደግሞ ቀለሙን ያሰርጋል። ቁስሉ ሲድን መስመሩ ቦይ ሆኖ ይቀራል፣ በጣት ሲዳስሱትም ይታወቃል። የፊቱ ጥቁር ቀለም ከተቃጠለ የካውሪ ዛፍ ሙጫ ጥላሸት ይዘጋጃል። ፊት ክፉኛ ስለሚያብጥ ሙሉው ሞኮ ባንድ ጊዜ አያልቅም። እብጠቱን ለማስታገስ ካራካ የተባለ ዛፍ ቅጠል ይደረግበታል። ተወቃሪው «ታፑ» ስለሚሆን፣ ማለትም በተቀደሰ ክልከላ ሥር ስለሚውል፣ የበሰለ ምግብ በእጁ አይነካም፤ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ በሆነ «ኮሬሬ» በተባለ የእንጨት ዕቃ ፈሳሽ ምግብ አፉ ውስጥ ይንቆረቆርለታል።

ሞኮ እንዴት እንደመጣ የሚተርከው አፈ ታሪክም የአባባሉን ፍሬ ነገር የያዘ ነው። ማታኦራ የተባለ ሰው ሚስቱን ኒዋሬካን መታት። እሷም ከምድር በታች ወዳለው ወደ አባቷ ወደ ኡዌቶንጋ አገር ሸሸች። ተከትሏት ሲሄድ ኡዌቶንጋ ፊቱን በእጁ ቢያብሰው ቀለሙ ተጠረገ፤ ያዩትም ሳቁበት። የማታኦራ ጌጥ የተቀባ እንጂ የተወቀረ አልነበረምና። ከዚያ በኋላ ኡዌቶንጋ በመሮ ወቀረው።

እ.ኤ.አ. በ1921 ኔታና ዋካአሪ የተባሉ የዋይማና ሽማግሌ ነገሩን በንብረት መዝነው አስረድተዋል፦ ቤትም፣ የጦር መሣሪያም፣ ሚስትም በክፉ ቀን ከእጅ ይወጣሉ፤ ሞኮን ግን ከሞት በቀር የሚነጥቅ የለም። ሞኮ የሰውየውን ማንነት ያሳውቅ ስለነበር በ1840 በእንግሊዝ ዘውድና በማኦሪ አለቆች መካከል የዋይታንጊ ውል ሲፈረም አንዳንድ አለቆች በስማቸው ፈንታ ከፊታቸው ሞኮ ቀንጭበው ሥለዋል።

መራራው ምዕራፍ ከሞት በኋላ ያለው ነው። ቤተሰብ የወዳጁን ባለሞኮ ራስ በእንፋሎትና በጭስ አድርቆ በክብር ያኖር ነበር። አውሮፓውያን በጠመንጃ ሊለውጡት ሲፈልጉ ግን ራስ ሸቀጥ ሆነ፤ ለሽያጭ ሲባል ምርኮኞች ሳይቀሩ ይወቀሩ ጀመር። ባልንጀራው ሞት ጠሪ ሆነ ማለት ነው! በ1831 በአውስትራሊያ የነበረችው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የኒው ሳውዝ ዌልስ ገዥ ራልፍ ዳርሊንግ ንግዱን ቢከለክልም፣ ብዙ ራሶች በውጭ ሙዚየሞች ቀርተዋል። የፈረንሳይዋ ሩዋን ከተማ በእጇ የነበረውን ራስ በ2011 መልሳለች። ከተመለሱት መካከል ነገዳቸው ያልታወቀው በዌሊንግተን በሚገኘው ቴ ፓፓ ሙዚየም፣ ለሕዝብ በማይታይ የተቀደሰ ክፍል ተቀምጠዋል።