ውሻ ይዞ በእግር፦ የሐይቅ ከተማ ዙሪያ መንገድ

ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የደቡብ ወሎ የገበያ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችበት ሐይቅ በስተሰሜን ምሥራቅ ተኝቷል፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቁ ቦታ 88 ሜትር ይደርሳል፤ መውጫ ወንዝ የለውም። ከከተማዋ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ወርዶ ዳርቻ ዳርቻውን የሚመለሰው መንገድ ዳገት ስለማይበዛበት ለውሻም ለባለቤቱም ቀላል ነው። እያረፉ ለሄደ ግማሽ ቀን ይበቃል። የሚያስቸግረው መንገዱ ሳይሆን በመንገድ ላይ የሚገጥመው መንጋ፣ ገበያተኛና የገበሬ ውሻ ነው።

ስለዚህ የገበያ ቀን አይመረጥም። ከየገጠሩ በግና ፍየል እየተነዳ ስለሚገባ፣ ከተማ የለመደ ውሻ መንጋ ሲበትን ካሳ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። በሌላውም ቀን ቢሆን ገመዱ ከሁለት ሜትር አይርዘም፤ ከብት ሲመጣ ከመንገድ ወጥቶ ውሻውን አስቀምጦ ማሳለፍ ይሻላል። አካባቢው እስላምና ክርስቲያን ተዋዶ የሚኖርበት ነው። የውሻ ምራቅ ልብሱን የነካው ሙስሊም ሳይታጠብ ስለማይሰግድ፣ በመስጊድ ደጃፍና ምግብ በያዘ ሰው አጠገብ ሲያልፉ ገመዱን ማሳጠር የጨዋ ወግ ነው።

ገዳሙ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። ቀድሞ ደሴት የነበረው ቦታ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው አገሩ ሁሉ ውሃ የሆነው አንዲት ነፍሰ ጡር ስለተበደለች ነው፤ እሷ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደረቅ ቀረች፣ ገዳሙም እዚያ ላይ ነው። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። ውሻማ «ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ» መሆን ምን ማለት እንደሆነ አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ወንዶች ተራ በተራ ገብተው እስኪወጡ ውሻው ከቅጥሩ ራቅ ብሎ ጥላ ሥር ይጠብቅ።

ከገዳሙ ሲመለሱ ውሃውን በግራ እጅ ይዞ ወደ ደቡብ መሄድ ነው። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ዓሣ ነው፤ ዓሣ በሚበለትበት ቦታ የተጣለ የቆሮሶ አጥንት ጉሮሮ ይወጋል፤ ክምሩን የሚጠብቁ ባለቤት አልባ ውሾችም ጠብ ያነሳሉ። ሁለተኛው ውሃው ነው፤ በአካባቢው ቢልሃርዚያ ስላለ ውሻ ለማጠብ ብሎ እግርን መንከር አያስፈልግም። ለውሻው የሚጠጣውን ይዞ መምጣት ነው፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን አንድ ሊትር ያህል ይጠጣል፣ በሙቀት ደግሞ ከዚያ በላይ። ሦስተኛው በየጎጆው ደጃፍ ያለው ጠባቂ ውሻ ነው። እሱ ሲመጣ መሮጥ ያባብሳል፤ ድንጋይ ለማንሳት እንደሚያጎነብስ ሰው ዝቅ ማለት ብዙውን ጊዜ ያስቆመዋል፤ ባለቤቱን «ኧረ ውሻ ያዙልኝ!» ብሎ መጣራትም ነውር የለውም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳይከተብ የሚወጣ ውሻ ራሱንም ሰውንም ለአደጋ ያጋልጣል። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ከክረምት በኋላ ደግሞ ሣሩ መዥገር አለው፤ ማታ የውሻውን ጆሮ ውስጥ፣ ብብትና የጣት መሀል መፈተሽ ያስፈልጋል። ሰብል ባልታጨደበት ጊዜ በማሳ ማቋረጥ አይቻልም፤ በወሰኑ ዞሮ ማለፍ ነው። መንገድ የጠፋበት ሰው ሐይቁን ወደ ኋላው አድርጎ ወደ ምዕራብ ቢሄድ አስፋልቱ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በግራ ታጥፎ ጠርዝ ጠርዙን ወደ ከተማዋ ይመለሳል። ከቀኑ 5 ሰዓት በፊት ቢደርስ ይመረጣል፤ አስፋልቱ ሲግል የውሻ መዳፍ ያቃጥላል።